አራት ቁጥር ሥር የተኛችው

በይፋት ቆላ ክረምቱ ሲወጣ ወባ ይገባል። የሸዋ ሮቢት ሰው ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል። የዚያ ዓመቱ ግን ከለመዱት የተለየ ነበር። ዝናቡ ዘግይቶ አቆመ፤ ሮቢ ወንዝ ሲጎድል በየዳርቻው ኩሬ ጥሎ ሄደ። ከዚያ በሁለት ሳምንት ውስጥ በጤና ጣቢያው ግቢ መተላለፊያ እስኪጠፋ ድረስ ሕመምተኛ ተኛ። ትምህርት ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው የቀበሌው ሊቀመንበር መጥተው ሦስት የመማሪያ ክፍሎች ለሕሙማን እንዲለቀቁ አዘዙ። እኛ መምህራኑም ከነክፍሎቻችን አብረን ተሰጠን።

ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ሸዋ ሮቢት ከተመደብኩ ሁለተኛ ዓመቴን መያዜ ነው፤ ሳይንስ አስተምር ነበር። ስለ ራሴ ልታውቁ የሚገባችሁ አንድ ነገር ቢኖር ሥርዓት መውደዴን ነው። ጠመኔዎቼ በየቀለማቸው ተለይተው ይቀመጡ ነበር። አንድ ተማሪ ቢጠይቀኝ መልሱን ከነምክንያቱ፣ ምክንያቱንም ከነምሳሌው ካላስረዳሁ ደስ አይለኝም። ባልደረቦቼ "ከእሱ ጋር ቦኖ የወረደ፣ ውኃው ከየት እንደመነጨ ሳይሰማ ጄሪካኑ አይሞላለትም" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ጤና ጣቢያው አንዲት ነርስ ብቻ ነበረችው፤ ሲስተር ብርሃኔ። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስትቆጣ ድምፅዋን ዝቅ የምታደርግ ሴት ናት። ከሴቶች ማኅበር ስምንት ረዳቶች ተመርጠው ተሰጧት። ሁሉም በመሠረተ ትምህርት ማንበብና መጻፍ የተማሩ ናቸው። እሷ መርፌ መቀቀልና መውጋት አስተማረቻቸው፤ እኔ ደግሞ ሰዓት ማየትና መዝገብ መያዝ። ሦስት ቀን ፈጀብን።

አሠራሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ። በሴቶቹ ክፍል ግድግዳ ላይ በቀይ ጠመኔ ከአንድ እስከ ዐሥር ቁጥር ጻፍኩ። አንድ ቁጥር በምዕራብ በኩል ካለው ትልቅ መስኮት አጠገብ ነው፤ ዐሥር ቁጥር በሩ አጠገብ። በየቁጥሩ ሥር አንድ ሰሌን፣ በየሰሌኑ ላይ አንዲት ሕመምተኛ። ኮሪደሩ ላይ ጥቁር ሰሌዳ አቆምኩና በአራት ዓምድ ከፈልኩት፤ ቁጥር፣ መድኃኒት፣ ሰዓት፣ ምልክት። ረዳቷ ሰሌዳውን ታነባለች፣ ቁጥሩ ሥር ያለችውን ትወጋለች፣ ለእኔ ትነግረኛለች፣ እኔ ምልክት አደርጋለሁ።

ከረዳቶቹ በዕድሜ የምትበልጠው ዘይነባ ሰሌዳውን ጥቂት አየችውና "ስማቸው የለም?" አለችኝ።

"ሦስት ፋጡማ፣ ሁለት ዘሃራ አሉ። ስም ይደጋገማል። ቁጥር አይደጋገምም።"

"እኔስ በፊታቸው ነው የማውቃቸው።"

"ፊት አይመዘገብም፣ ዘይነባ።"

ሌሎቹ ሳቁ። እሷም ሳቀች። እኔም መልሴ ደስ ብሎኝ ነበር።

ወደ ዕለቱ ከመግባቴ በፊት ስለ መድኃኒቱ ትንሽ ልንገራችሁ፤ ያለዚያ የሆነው አይገባችሁም። ወባው የጠናበት ሰው የኩዊኒን መርፌ በየስምንት ሰዓቱ ይወጋል። ቢዘገይ ወባው ይገድላል። ቢደራረብ ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ ይገድላል፤ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ያወርዳል፣ ልብን ያደክማል፤ በተለይ በእርጉዝ ሴት ላይ ይከፋል። ይህን ከሲስተር ብርሃኔ ሰምቼ ለረዳቶቹ ሁለት ጊዜ ያስረዳሁት እኔው ነኝ።

ሥራ በጀመርን በአራተኛው ቀን ነበር። ኩዊኒኑ እያለቀ ስለሆነ ሲስተር ብርሃኔ በጠዋት በጭነት መኪና ወደ አጣዬ ሄደች። ከመሄዷ በፊት "ከመካከላቸው አንዷ ላብ ካጠመቃትና ሰውነቷ ከቀዘቀዘ እኔን አትጠብቁ። ግሉኮስ በደም ሥር። ዘይነባ ታውቃለች፤ አሳይቻታለሁ" አለችኝ።

ግሉኮሱ በትምህርት ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ሁለት ብልቃጥ ኩዊኒን ስለጠፋ መድኃኒቱን ሁሉ በዓይነት በዓይነቱ ደርድሬ፣ በጓጉንቸር ቆልፌ፣ መክፈቻው ላይ የቀበሌው ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አስለጥፌ ነበር። የዕለቱን መጠን ጠዋት ሲስተር ብርሃኔ አወጣች፤ ቁልፉን ኪሷ ከተተች፤ ወረቀቱን እንደገና ለጠፍኩ። ለዕለቱ የወጣው ኩዊኒን ብቻ ነበር። ግሉኮስ በዕለቱ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም፤ ማን መቼ እንደሚያስፈልገው በሰዓት አይታወቅማ።

ሦስት ቁጥር ላይ ጦይባ የምትባል ልጅ ተኝታለች። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው፤ የስድስት ወር እርጉዝ ናት። ባሏ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዷል። አባቷ ጋሽ እድሪስ ከጎረቤት ጋር በቃሬዛ አምጥተዋት፣ እናቷ መንደር ስለቀሩ እሳቸው እንደ እናት ያስታምሟታል። ሁለት ቀን ሙሉ ሰው ሳትለይ ከርማ፣ በዚያ ጠዋት ዓይኗን ገልጣ "አባ" ብላቸዋለች። ሁለት ጉንጭ አጥሚትም ጠጥታለች። ጋሽ እድሪስ ይህን ያልነገሩት ሰው በግቢው አልነበረም።

አራት ቁጥር ላይ ያሉት እትዬ ውድነሽ ናቸው፤ በአስፋልቱ ዳር ለሾፌሮች ምግብ ቤት ያላቸው፣ ትኩሳቱ እንኳ አፋቸውን ያልዘጋው ሴትዮ።

ሰባት ሰዓት ላይ ዘይነባ ጦይባን ወጋች፤ እኔ ምልክት አደረግሁ። እትዬ ውድነሽ ተራቸው ስምንት ሰዓት ነው። ሰባት ተኩል ላይ ዘይነባ መርፌ ልትቀቅልና ልትሰግድ ወጣች። በቦታዋ ሙሉ የምትባለዋ መጣች፤ እስከዚያ ቀን በወንዶቹ ክፍል ትሠራ የነበረች፣ ከሁሉም ረዳቶች ወጣቷ ናት። ዘይነባ በሩ ላይ ቆማ "ያቺ እርጉዟ…" ብላ ጀመረች።

"ሁሉም ሰሌዳው ላይ አለ" አልኩ። "ሂጂ፣ ስግደትሽ እንዳያልፍሽ።"

ሙሉም ሰሌዳውን አነበበች። ዘይነባ ሄደች።

እንግዲህ በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ የሆነውን እኔ አላየሁም። ለከሰዓቱ አዲስ ዓምድ እያሰመርኩ ነበር። በኋላ ከአስታማሚዎቹ አንድ በአንድ ጠይቄ ነው የደረስኩበት። የሮቢት ፀሐይ ቀትር ሲያልፍ በምዕራቡ መስኮት ትገባለች። መጀመሪያ አንድ ቁጥርን፣ ቀጥሎ ሁለትን፣ ቀጥሎ ሦስትን ታገኛለች። አስታማሚ ደግሞ ሕመምተኛው ፀሐይ ላይ ሲሆን ዝም ብሎ አያይም። በቆላ ሰው ሁሉ ከጥላ ጋር ነው የሚንቀሳቀስ፤ ከብቱም፣ ገበያተኛውም። አንዷ ሰሌኑን ወደ በሩ ሳብ አደረገች፣ ቀጣይዋም ቦታ ለመልቀቅ ሳብ አደረገች፣ እንዲሁ እየተባለ ክፍሉ በሙሉ አንድ ቦታ ተሸጋሸገ። በሩ አጠገብ የነበረችው በረንዳ ወጣች። ማንም ለማንም አልነገረም። የሚነገር ነገር ነው ብሎ ያሰበም የለም። ቀይ ቁጥሮቼ በያሉበት ቀሩ።

ጋሽ እድሪስ ልጃቸውን ከፀሐይ ካሸሹ በኋላ ጄሪካን ይዘው ወደ ቦኖ ወረዱ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ሙሉ በኮሪደሩ በኩል ባለው መስኮት አንገቷን አውጥታ "አራት ተወግታለች፣ መምህር" አለችኝ። ምልክት አደረግሁ። ልክ በሰዓቱ ነበር።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከክፍሉ ውስጥ የእትዬ ውድነሽ ድምፅ ተሰማ። "መምህር፣ የእኔን መርፌ ለማን ሸጣችሁት?"

በበሩ ብቅ አልኩ። "ተወግተዋል፣ እትዬ። ሰሌዳው ላይ ምልክት አለ።"

"ሰሌዳው ተወግቶ ይሆናላ። እኔ አልተወጋሁም።"

"ትኩሳት ያዘናጋል፣ እትዬ። ሰው ትኩሳቱ ከፍ ሲል ያደረገውንም ያልሆነውንም…"

"ስማኝ የኔ ልጅ፤ ራሴ ቢረሳ ቂጤ አይረሳም።"

አስታማሚዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ሳያልቅ ከራሳቸው በላይ ያለውን ቁጥር አየሁ። አምስት ይላል።

ዓይኔን ወደ አራት መለስኩ። ጦይባ ናት።

"ሙሉ፣ ማንን ነው የወጋሽው?"

"አራትን።" ወደ ቁጥሩ ጠቆመችኝ። ከዚያ ፊቴን አየችና እጇ ቀስ ብሎ ወረደ።

ተንበርክኬ የጦይባን ግንባር ነካሁ። ጠዋት ይፋጅ የነበረው ግንባር ቀዝቅዞ በላብ ርሷል። ስሟን ጠራሁ፤ አልሰማችኝም። በዚያ ክፍል ውስጥ የማንንም ሕመምተኛ ስም ስጠራ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ዘይነባን አስጠራኋት። እየሮጠች ገብታ የጦይባን ክንድ ያዘች፣ የዓይኗን ቆብ ገለጠች። "ስንት ሆናት?"

"ከሁለተኛው መርፌ ወዲህ ግማሽ ሰዓት።"

"ሁለተኛው?" ተጨማሪ አልጠየቀችኝም። "ግሉኮሱን አምጣ።"

ቁም ሣጥኑ ፊት ደረስኩና ቆምኩ። ጓጉንቸሩ አለ፣ ማኅተሙ አለ፣ ቁልፉ አጣዬ ነው። በዚያ ዘመን "አሻጥር" የሚባል ቃል ነበር። አንድ ባልደረባችን በጠፋ አንድ በርሜል ናፍጣ ምክንያት ሦስት ወር ታስሯል። የመንግሥት ማኅተም ቀድዶ መድኃኒት አወጣ የሚባለውን ሰው ምን እንደሚያገኘው አሰብኩ። አዎን፣ እሷ እዚያ እያጣጣረች እኔ ይህን አሰብኩ። ከዚያ "ፈቃድ ላምጣ" አልኩና ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሮጥኩ።

ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ጠመንጃውን አጋድሞ "ጓድ መምህር፣ ውይይቱ እስኪያልቅ አይገባም" አለኝ።

"ሰው እየሞተ ነው።"

"በዚህ ሰሞን የት ነው የማይሞተው?"

ለመንኩት። አስረዳሁት። ስለ ደም ስኳር ሁሉ ነገርኩት። አንድ ጊዜ ገብቶ ወጣና "ይጠብቅ ተብሏል" አለኝ። ሩብ ሰዓት ያህል እዚያ በር ላይ ቆሜያለሁ። ያችን ሩብ ሰዓት የት እንዳዋልኳት እስከ ዛሬ ለማንም በቀላሉ አልነግርም።

ባዶ እጄን ስመለስ ቁም ሣጥኑ ተከፍቷል። ጓጉንቸሩ ከነማንጠልጠያው መሬት ላይ ወድቋል፤ አጠገቡ የትምህርት ቤቱን ደወል የምንመታበት ብረት አለ። ዘይነባ ናት የሰበረችው። እኔ እስክመለስ በስኳር ውኃ የራሰ ጨርቅ በጦይባ ጉንጭ ውስጥ ስታኖር ቆይታ፣ ስዘገይባት ተነሥታ ሰበረችው። አሁን ግሉኮሱን በደም ሥሯ ቀስ እያለች እያስገባች ነው። ቀና ብላ አላየችኝም።

ጋሽ እድሪስ ጄሪካናቸውን እንደተሸከሙ በሩ ላይ ቆመዋል።

ጥቂት ቆይቶ ጦይባ ዓይኗን ገለጠች። ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። "አባ፣ ውኃ።"

"አልሐምዱ ሊላህ" አሉ ጋሽ እድሪስ። ባመጡት ውኃ ከንፈሯን አረጠቡላት። እኔም ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። "ተሽሏታል፣ ጋሽ እድሪስ" አልኳቸው። እንዲህ የማለት መብት አልነበረኝም፤ ግን አልኩ።

ዘይነባ የጦይባን ክንድ አልለቀቀችም። ጣቷ የእጅ አንጓዋ ላይ ነው፤ ፊቷ ግን አልተፈታም።

ዐሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ሲስተር ብርሃኔ ደረሰች። ገና ከመኪናው ሳትወርድ ሁሉንም ነገርኳት። ሮጣ ገባች። ከዘይነባ ጋር ሆነው የጦይባን እግር ከፍ አደረጉላት፣ ግሉኮስ ጨመሩላት፣ በጆሮ ማዳመጫው ደጋግማ ልቧን ሰማች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ "ስኳሯ ተመልሷል። አሁን ልቧ ነው። ለእሱ እዚህ የምሰጣት የለኝም" አለች።

ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ ጦይባ ሞተች። በሆዷ ያለውም አብሯት። አባቷ ጆሮዋ ሥር ሸሃዳ ሲያሰሙ እትዬ ውድነሽ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ኮሪደሩ ላይ ወጣሁ። ሰሌዳው ፊት መቆሜን፣ ዳስተሩም እጄ ውስጥ መሆኑን ያወቅሁት ሲስተር ብርሃኔ ከኋላዬ "አስቀምጠው" ስትለኝ ነው። ለምን እንዳነሣሁት ብትጠይቁኝ "እንዲያው ልማድ ሆኖብኝ" እላችሁ ይሆናል። ልማድ ግን አልነበረም።

ማኅተሙ መሰበሩን ሰምተው ሊቀመንበሩ መጡ። በረንዳው ላይ አቁመውን ጠየቁ። "ማን ነው የወጋት?"

"እኔ ነኝ" አለች ሙሉ። ድምፅዋ አይሰማም ነበር።

"ከቦታዋ ማን አነሣት?"

ማንም ከመመለሱ በፊት ጋሽ እድሪስ ተነሡ። "እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። ፀሐይ ፊቷ ላይ ስታርፍ አየሁና ሳብኳት። ልክ አይደለም አላለኝም ማንም። እኔው ነኝ የገደልኳት።"

ሊቀመንበሩ እስክሪብቷቸውን አወጡ። ሊጽፉት ነው። ጋሽ እድሪስ ደግሞ ሊያምኑት ነው፤ በቀረው ዕድሜያቸው ሁሉ፣ ልጄን ከፀሐይ ያዳንኩ መስሎኝ ገደልኳት እያሉ።

"እሳቸው አይደሉም" አልኩ። "እሷም አይደለችም። ቁጥሩን ግድግዳው ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰው እንደሚንቀሳቀስ አላሰብኩም። ዘይነባ ልትነግራት ስትል ያስቆምኳት እኔ ነኝ። ግሉኮሱን የቆለፍኩት እኔ ነኝ። እኔን ጻፉ።"

ሊቀመንበሩ እስክሪብቷቸውን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ። ሲስተር ብርሃኔም "ማኅተሙ እንዲሰበር ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ እኔን አትጠብቁ ብዬ ነበር" አለቻቸው። ሊቀመንበሩ ጻፉ። ነገ ጠዋት ጽሕፈት ቤት እንድቀርብ ነገሩኝና ሄዱ።

ጋሽ እድሪስ ወደ እኔ መጡ። ይመቱኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢመቱኝ በወደድሁ ነበር። "መንደራችን አንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው" አሉኝ። "እናቷ ጠዋት ተሻላት ብዬ ልኬባታለሁ። አሁን እኔ ምን ብዬ እገባለሁ? አንተ ትነግራታለህ።"

ከሦስት ጎረቤቶቻቸው ጋር ቃሬዛውን ተሸክመን ሄድን። ማሽላው መንገዱን ግራና ቀኝ ዘግቶት ነበር። በመንገድ ላይ እናቷን ምን እንደምላቸው እያሰብኩ፣ ከመጀመሪያ ጀምሬ ስለ ሰሌዳው፣ ስለ ስሙ መደጋገም፣ ስለ መስኮቱ በቅደም ተከተል እያዘጋጀሁ ነበር። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ደረስን። እናቲቱ ከቃሬዛው አስቀድመው የእኔን ፊት አዩ። ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ።

"የሌላ ሰው መርፌ ተወጋች። ጥፋቱ የእኔ ነው። አባቷ አላጠፉም።" ያልኩት ይህን ብቻ ነው።

እናቲቱ የጎረቤት ሴቶች ደግፈዋቸው ሳሉ አንድ ነገር ጠየቁኝ። "ስትወጋ አመማት?"

አላውቅም። ክፍሉ ውስጥ አልነበርኩም። ሰሌዳው ጋ ነበርኩ። ይህንኑ ነገርኳቸው።

ሁለት ቀን ታስሬ ተለቀቅሁ። ሲስተር ብርሃኔ ለሊቀመንበሩ ምን እንዳለቻቸው ነግራኝ አታውቅም። እኔን ግን አንድ ጊዜ "ወባው ራሱ ሊገድላት ይችል ነበር" ብላኛለች። እውነት ሊሆን ይችላል። እኔ ግን በዚህ ቃል ተደግፌ መተኛት አልፈልግም፤ እናንተም እንደዚህ ያለ ነገር ቢገጥማችሁ አትደገፉበት።

ይህን የምታነቡ ሰዎች ምናልባት በአንድ ጤና ጣቢያ ረዳት ናችሁ፤ ወይም እንደ እኔ በአስጨናቂ ቀን "ና አግዝ" ተብሎ የሚጠራ ሰው። የተማርኩትን ባጭሩ ልንገራችሁ። በሽታ ሲበዛ ሥርዓት ያስፈልጋል፤ ሥርዓት መውደዴን አልተውኩም። ነገር ግን ምልክቱ ግድግዳው ላይ ሳይሆን ሰውየው ላይ ይሁን። እኛ ከዚያ ወዲህ የእያንዳንዷን ሕመምተኛ ስም ከነአባቷ ስም በጨርቅ ላይ ጽፈን ከእጇ አንጓ ላይ እናስራለን። ፈረቃ ስትቀያየሩ በሰሌዳ ብቻ አትተማመኑ፤ በየሰሌኑ ፊት አብራችሁ ቁሙና ተነጋገሩ። ሕመምተኛው "አልተወጋሁም" ካላችሁ መጀመሪያ እመኑት፣ ከዚያ መዝገባችሁን እዩ። ነፍስ የሚያድነውን መድኃኒት ፈቃድ የሚጠይቅ ቁልፍ ውስጥ አታስገቡት። ይሰረቅ ይሆናል። ይሰረቅ።

ሙሉ ከዚያ በኋላ ትቀራለች ብለን ፈርተን ነበር። አንድ ሳምንት ቀረች፤ ከዚያ መጣች። በሚቀጥለው ዓመት ወባው ሲነሣ ክፍሎቹ እንደገና ተለቀቁ፤ እሷም ከሕመምተኞቹ መካከል የገዛ አክስቷን አገኘች። መርፌውን እንደያዘች አጎንብሳ "ስምዎት ማን ነው?" ስትላቸው በረንዳው ላይ ሆኜ ሰማሁ።

"ምነው ልጄ፣ አክስትሽን ረሳሽኝ?"

"አልረሳሁም። ይንገሩኝ።"

"እኔ አዝዬሽ ያደግሽ ልጅ…"

"ከነአባትዎ ስም፣ እትዬ።"

ሴትዮዋ እየሳቁ ነገሯት። ሙሉ አልሳቀችም። የጨርቁን ጽሕፈት አነበበች፣ አንድ ጊዜ ደግሞ አነበበችና ወጋቻቸው።